ዜሮና ባዶ፦ የ10 እንስሳትን ትናንሽ አርኤንኤዎች በአንድ ሠንጠረዥ የማስፈር ሥራ ማስታወሻ

ቀን 1

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። አንድ ሠንጠረዥ። ወደ ታች 10 እንስሳት፣ ወደ ጎን የትናንሽ አርኤንኤ ቤተሰቦች። የትኛው እንስሳ የትኛው አለው የሚለውን በአንድ ገጽ ማየት ፈልጌ ነው የተነሳሁት። ተመሳሳይ ሠንጠረዦች በየጥናቱ አሉ። እኔ ግን እያንዳንዷ ሳጥን ከየትኛው ፋይል እንደመጣች ራሴ ከሥሩ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የመረጥኳቸው እነዚህ ናቸው፦ ሰው፣ አይጥ፣ ዶሮ፣ ዜብራፊሽ፣ የባሕር ጃርት፣ የፍራፍሬ ዝንብ ማለትም ድሮሶፊላ፣ ሲ ኤለጋንስ የምትባለው ትል፣ ፕላናሪያ፣ የጄሊፊሽ ዘመድ የሆነችው ኒማቶስቴላ እና አንድ ስፖንጅ። አመራረጤ በርቀት ነው። ጀርባ አጥንት ያላቸውን ብቻ ይዞ ስለ እንስሳት ሁሉ ማውራት አይቻልም።

ለጉዳዩ አዲስ ለሆነ ሰው ባጭሩ፦ አርኤንኤ ከዲኤንኤ የሚገለበጥ፣ ኤ፣ ዩ፣ ጂ እና ሲ በሚባሉ አራት ፊደላት የተጻፈ ጽሑፍ ነው ማለት ይቻላል። ፕሮቲን የሚሠራባቸው አርኤንኤዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ፊደላት ሊኖራቸው ይችላል። እኔ የምፈልጋቸው ግን ከ20 እስከ 30 ፊደል ገደማ ብቻ ናቸው። ማይክሮ አርኤንኤ 22 ፊደል አካባቢ ነው። መጀመሪያ እንደ ፀጉር መርፌ እጥፍ ብሎ ይሠራል፣ ይሄን ቅርጽ ሄርፒን ይሉታል። ድሮሻ የሚባለው ኤንዛይም ከሥር ይቆርጠዋል፣ ዳይሰር የሚባለው ደግሞ ከጫፉ። የቀረው አጭር ቁራጭ አርጎኖት ከሚባል ፕሮቲን ጋር ሆኖ የሌሎች ጂኖችን መልእክት ዝም ያሰኛል። ሁለተኛው ወገን ፓይ አርኤንኤ ነው። እሱ ረዘም ይላል፣ ዳይሰርም አያስፈልገውም። ዋና ሥራው የዘር ሴሎችን ጂኖም ከትራንስፖዞን መጠበቅ ነው። ትራንስፖዞን ማለት ከቦታ ቦታ እየዘለለ ራሱን የሚያባዛ የዲኤንኤ ቁራጭ ነው።

ታሪኩ የተጀመረው ከዝርዝሬ ውስጥ ካለችው ትል ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1993 የቪክቶር አምብሮስ ቡድን ሊን-4 የሚባለው ጂን ፕሮቲን እንደማይሠራ፣ ውጤቱ አንዲት ትንሽዬ አርኤንኤ እንደሆነች አሳየ። ጌሪ ራቭከን ደግሞ በዚያው ዓመት ሊን-14 የሚባለውን ጂን እንዴት እንደምትቆጣጠረው አሳየ። ያኔ ብዙ ሰው የትል ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ አለፈው። በ2000 ሌት-7 ተገኘች፣ በዚያው ዓመት ሌት-7 በሰውም በዝንብም እንዳለች ታወቀ። ነገሩ የተቀየረው ያኔ ነው። ሁለቱ ሰዎች በ2024 ኖቤል ተሸልመዋል። እኔን የሚገርመኝ የ7 ዓመቱ ክፍተት ነው። ሊን-4 በሌሎች እንስሳት ያልታየችው ስለሌለች አልነበረም። ሌላ እንስሳ ውስጥ ገና ያገኛት ስላልነበረ ነው። ይሄ ነገር ቆይቶ እኔም ላይ ደረሰ።

ቀን 2

ዳታቤዞቹን አወረድኩ። ለማይክሮ አርኤንኤ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፦ ሚርቤዝና ሚርጂንዲቢ።

ሚርቤዝ አንጋፋው ነው። የ2018ቱ 22ኛ ዕትሙ ከ271 ፍጥረታት የመጡ 38,589 ሄርፒኖች አሉት። ሰው አዲስ ማይክሮ አርኤንኤ ሲያገኝ ስም የሚወስደው ከዚያ ነው። እንደ መዝገብ ቤት አስቡት። መዝገብ ቤት ደግሞ የመጣለትን ይመዘግባል።

ሚርጂንዲቢ የተነሳው ከዚሁ ነው። በ2015 የወጣው ጥናት በወቅቱ በሚርቤዝ ከነበሩት 1,881 የሰው ሄርፒኖች ውስጥ መስፈርቱን በደንብ ያሟሉት 523 ብቻ ናቸው አለ። ከሦስት አንድ እንኳ አይሞሉም። የቀሩት የሌላ አርኤንኤ ስብርባሪዎች ወይም በቂ ማስረጃ የሌላቸው ናቸው። ስለዚህ ሚርጂንዲቢ እያንዳንዱን በእጅ እየመረመረ ያስገባል። በ2.1 ዕትሙ 75 የእንስሳት ዝርያዎችና 16,670 ጂኖች አሉት።

መጀመሪያ ላይ ሁለቱንም አዋህጄ ትልቁን ዝርዝር ልይዝ ነበር። ሲበዛ ይሻላል ብዬ። አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ለሠንጠረዡ መሠረት ሚርጂንዲቢን ነው የምይዘው፣ ሚርቤዝን የምከፍተው ስሞችን ለማገናኘትና ሚርጂንዲቢ ያልደረሰባቸውን እንስሳት ለማየት ነው። በሁለት ዝርያዎች መካከል ንጽጽር ስትሠራ ትርፍ ግቤት ከጎደለ ግቤት እኩል ይጎዳል። አንዱ እንስሳ ላይ ብዙ ሰው ስለሠራበት ብቻ ዝርዝሩ ይረዝማል፣ እኛ ደግሞ ያንን «ይሄ እንስሳ ብዙ ማይክሮ አርኤንኤ አለው» ብለን እናነበዋለን።

የዛሬው ስህተት፦ የሚርቤዝ ፋይል አርኤንኤ ስለሆነ ዩ ፊደል አለበት። ጂኖሙ ግን ዲኤንኤ ነው፣ በዩ ፈንታ ቲ ነው ያለው። ሳልቀይር ፈለግኩ። የተገኘው ቁጥር ዜሮ ነበር ማለት ይቻላል። ፕሮግራሙ ስህተት አለ ብሎ አልጮኸም፣ ዝም ብሎ «የለም» አለኝ። በአንዲት መስመር ተስተካከለ።

ቀን 4

የአድራሻ ቀን ነበር። እያንዳንዱ ጂን በጂኖሙ ላይ ከየት እስከየት እንደሆነ የሚናገር ፋይል አለ። ጂኤፍኤፍ የሚባለው ፎርማት መቁጠር የሚጀምረው ከ1 ነው። ቤድ የሚባለው ከ0። ጂኤፍኤፍን ወደ ቤድ ስትገለብጥ መነሻው ላይ 1 መቀነስ አለብህ። ረሳሁት። ረጅም ጂን ላይ የአንድ ፊደል ስህተት ማንም አያየውም። 22 ፊደል ያለው ነገር ላይ ግን ሁሉን ነገር ያበላሻል፣ ምክንያቱም ማይክሮ አርኤንኤ ዒላማውን የሚለየው ከ2ኛው እስከ 8ኛው ፊደል ባለው ክፍል ነው። ሲድ ይሉታል፣ ዘር እንደማለት። መነሻው በአንድ ከተንሸራተተ ሲዱ ሌላ ነው።

ሌላው የጂኖም ዕትም ነው። አንድ እንስሳ በየጊዜው የሚታደስ ጂኖም አለው፣ የዳታቤዙ አድራሻ የሚሠራው ከአንደኛው ዕትም ጋር ብቻ ነው። የክሮሞዞሙም ስም ይለያያል፣ አንዱ ቁጥር ብቻ ይጽፋል፣ ሌላው ከፊቱ ሦስት ፊደል ይጨምርበታል። አሁን ለእያንዳንዱ እንስሳ የዕትሙን ስም በአንድ ፋይል ይዣለሁ። ደግሞም ከየእንስሳው አንድ ሌት-7 አውጥቼ ከአድራሻው ላይ ፊደሎቹን አነባለሁ። ዩ-ጂ-ኤ-ጂ-ጂ-ዩ-ኤ-ጂ ብሎ ከጀመረ አድራሻው ልክ ነው። ይቺን ስምንት ፊደል አሁን እንደ ስልክ ቁጥር በቃሌ ይዣታለሁ።

ቀን 6

ስም። ከሁሉም ያደከመኝ እሱ ነው።

ሌት-7ን ውሰዱ። ሰው ላይ አንድ ሌት-7 ብቻ አይደለም ያለው፣ ሚር-98ን ጨምሮ 12 ጂኖች አሉ (ሚር የማይክሮ አርኤንኤ ማጠሪያ ነው)። ሌት-7ኤ የምትባለው ብቻዋን ሦስት ቦታ አለች፣ ክሮሞዞም 9፣ 11 እና 22 ላይ። ከሦስቱም የሚወጣው አጭር ቁራጭ አንድ ዓይነት ነው። ከሴል ውስጥ አንዷን ብታገኝ ከየትኛው ቦታ እንደመጣች ከራሷ ማወቅ አትችልም። ለሦስቱም አንድ አንድ ከቆጠርክ አንዱን ሦስት ጊዜ ቆጠርክ። እኔ ሲሶ ሲሶ አካፍላለሁ። ፍጹም አይደለም፣ ግን ድምሩ እውነተኛ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ስማቸው የማይገናኝ ዘመዳሞች አሉ። የመጀመሪያዋ ሊን-4 በሌሎች እንስሳት ሚር-125 ተብላ ትጠራለች። የትሏ ሚር-51 ደግሞ የሚር-100 ቤተሰብ ናት። ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፍኳቸው። የሰው ሚር-100 የሚጀምረው ኤ-ኤ-ሲ-ሲ-ሲ-ጂ-ዩ-ኤ ብሎ ነው። የትሏ ሚር-51 ዩ-ኤ-ሲ-ሲ-ሲ-ጂ-ዩ-ኤ። የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ትለያለች፣ ከ2 እስከ 8 ያለው አንድ ነው። በስም ብቻ ብፈልግ ኖሮ ሠንጠረዤ «ትሏ ሚር-100 የላትም» ይል ነበር። ውሸት ነው።

እዚህ ላይ ያየሁት ሌላ ውብ ነገር አለ። በድሮሶፊላ ሚር-100፣ ሌት-7 እና ሚር-125 በአንድ ሰፈር ተደርድረዋል፣ ከአንድ ረጅም አርኤንኤ ነው የሚቆረጡት። በሰውም ክሮሞዞም 11 እና 21 ላይ የእነዚሁ ቤተሰቦች አባላት ተጎራብተው ይገኛሉ። ትሏ ላይ ግን ተበትነዋል፣ ሌት-7 ኤክስ ክሮሞዞም ላይ፣ ሊን-4 ክሮሞዞም 2 ላይ። ጎረቤትን ማየት ለዝምድና ጥሩ ማስረጃ ነው፣ ግን ጎረቤት ጠፋ ማለት ዝምድና ጠፋ ማለት አይደለም።

ቀን 9

ከዛሬ ጀምሮ ዳታቤዝ ብቻ ሳይሆን ጥሬ ዳታም እያየሁ ነው። ሰዎች ከተለያየ እንስሳ ትናንሽ አርኤንኤዎችን በማንበቢያ ማሽን አንብበው ለሕዝብ ክፍት ያደረጉት ብዙ ነው። አንድ ፋይል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ንባቦች ይይዛል። ቁራጮቹ አጭር ስለሆኑ ማሽኑ ቁራጩን ጨርሶ መጨረሻው ላይ የተለጠፈውን ሰው ሠራሽ ዲኤንኤ ማንበብ ይጀምራል። አዳፕተር ይባላል። መጀመሪያ እሱን መቁረጥ ነው። ለዚህ ካትአዳፕት የሚባለውን ፕሮግራም ነው የምጠቀመው፣ ከዚያ ቦውታይ በሚባል ሌላ ፕሮግራም ወደ ጂኖሙ ወስጄ የእያንዳንዱን ቁራጭ ቦታ እፈልጋለሁ።

ከቆረጥኩ በኋላ ሁልጊዜ የማደርገው አንድ ነገር አለ። የርዝመት ሥዕል አወጣለሁ። ስንት ቁራጭ 18 ፊደል ነው፣ ስንት 19 እያለ እስከ 35። ጤናማ የጉበት ናሙና 22 ላይ ቀጥ ያለ ተራራ ይሠራል። ማይክሮ አርኤንኤ ነው። የወንድ ዘር ፍሬ ናሙና ደግሞ ከ26 እስከ 31 ባለው አካባቢ ሌላ ተራራ ይጨምራል። ፓይ አርኤንኤ ነው። ተራራ የሌለው ዝርግ ሥዕል ካየሁ ናሙናው የተሰባበረ አርኤንኤ ነው ብዬ እተወዋለሁ።

ዛሬ አንድ የአይጥ ጉበት ፋይል ከፈትኩ። ተራራው 30 ላይ ነው።

ልቤ ቆመ። በጉበት ውስጥ ይሄን ያህል ፓይ አርኤንኤ? ማታውን ሙሉ እሱ ላይ አሳለፍኩ። ለሠንጠረዡ አዲስ ዓምድ ከፍቼ ሁሉ ነበር።

ቀን 10

ጠዋት ላይ ሳስበው አልዋጥልህ አለኝ። ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛ፣ ፓይ አርኤንኤ በአብዛኛው ዩ ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ንባቡ ላይ ደግሞ ቲ ሆኖ ይታያል። የእኔ ቁራጮች የመጀመሪያ ፊደል ግን አራቱም እኩል እኩል ነበሩ። ሁለተኛ፣ ወደ ጂኖሙ ስወስዳቸው አብዛኞቹ ቦታ አላገኙም። የአይጥ ቁራጭ የአይጥ ጂኖም ላይ ቦታ ካጣ አንድ ነገር አለ።

ስለዚህ ፕሮግራሙን ትቼ ጥሬ ፋይሉን በዓይኔ ማንበብ ጀመርኩ። የሌት-7ን ስምንት ፊደል ፈለግኩ። ተገኘች፣ በብዛት። ግን የምትጀምረው ከ5ኛው ፊደል ነው። በሁሉም ላይ። ከፊቷ ያሉት 4 ፊደሎች በእያንዳንዱ ንባብ ይለያያሉ። ከኋላዋም አዳፕተሩ ከመድረሱ በፊት እንደዚሁ 4 ፊደል አለ፣ እሱም እንደ ፊተኛው በየንባቡ የተለያየ ነው።

22 ሲደመር 4 ሲደመር 4፣ 30።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዳፕተሩን ከቁራጩ ጋር የሚያያይዘው ኤንዛይም ምርጫ አለው፣ አንዳንድ ጫፍ ይወዳል፣ አንዳንዱን አይወድም። ስለዚህ አንዳንዱ አርኤንኤ ከሚገባው በላይ ይነበባል፣ ሌላው ይጠፋል። ይሄን ለማቃለል አንዳንድ ዝግጅቶች የአዳፕተሩን ጫፍ ላይ 4 የዘፈቀደ ፊደል ያደርጋሉ። ጥሩ ዘዴ ነው። ዳታው በተቀመጠበት ገጽ ላይ ግን ስለዚህ አንድም ቃል አልተጻፈም። ከሁለቱም በኩል 4 ፊደል ቆረጥኩ። ተራራው 22 ላይ መጥቶ ቁጭ አለ፣ አብዛኛውም ቦታውን አገኘ።

ከዚህ በኋላ የማንኛውንም ፋይል ውጤት ከማመኔ በፊት ሦስት ነገር አያለሁ፦ የርዝመቱ ተራራ፣ የመጀመሪያው ፊደል ስርጭት፣ እና ሌት-7 ከስንተኛው ፊደል እንደምትጀምር። ሌት-7 ለሌላቸው እንስሳት ሌላ በደንብ የታወቀ እመርጣለሁ። ደቂቃ አይፈጅም።

ቀን 12

ኒማቶስቴላ። ከ10ሩ ውስጥ አሁን በጣም የምወዳት እሷን ነው።

እሷና እኛ የተለያየነው ግራና ቀኝ ያለው አካል ከመምጣቱ በፊት ነው። ሌት-7 የላትም። የራሷ የሆኑ ብዙ ማይክሮ አርኤንኤዎች አሏት፣ ከእኛ ወገን ጋር የምትጋራው ግን አንዱን ብቻ ነው፣ ሚር-100ን። በ2008 ነው የታወቀው።

የእኔ ስክሪፕት፣ ማለትም ለፍለጋው የጻፍኩት አጭር ፕሮግራም፣ ግን «የላትም» አለኝ። የ2008ቱን ውጤት ስለማውቅ ነው እንጂ አምኜው አልፍ ነበር። ፊደሉን አወጣሁት። የእኛ ሚር-100 ኤ-ኤ-ሲ-ሲ-ሲ-ጂ-ዩ-ኤ-ጂ ነው የሚለው። የእሷ ኤ-ሲ-ሲ-ሲ-ጂ-ዩ-ኤ-ጂ። የመጀመሪያዋ ኤ የለችም። ኤንዛይሙ የቆረጠው አንድ ፊደል ገባ ብሎ ነው። የቀረው ሁሉ ያው ነው፣ ግን ሲዱ ከ2 እስከ 8 ስለሚቆጠር ተንሸራተተ፣ ሌላ ሲድ ሆነ። ሌላ ሲድ ማለት የሚቆጣጠራቸው ጂኖችም ይለያሉ ማለት ነው።

ስክሪፕቴ በሲድ ብቻ ነበር የሚፈልገው፣ ስለዚህ አመለጠችው። አሁን በሁለት መንገድ እፈልጋለሁ፣ በሲድም በሙሉው ፊደልም፣ ከግራ አንድ ሁለት ፊደል ለመንሸራተት ፈቅጄ። በሲድ የሚገናኝና በሙሉ ፊደል የሚገናኝ የተለያየ ምልክት አላቸው። አንደኛው ስለ ሥራ ይናገራል፣ ሌላው ስለ ዘር ሐረግ። በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ቃሉ ሳይለወጥ አነባበቡ በአንድ ፊደል መሸጋገሩን በራሴ ፋይል ላይ ማየቴ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እንድውል አድርጎኛል።

ቀን 13

አጭር ነገር። ማይክሮ አርኤንኤ ለመባል መስፈርት አወጣሁ፦ ከሄርፒኑ ሁለቱም ክንድ ንባብ ይኑር፣ ግራ ጫፉ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይጀምር፣ ሁለቱ ክንዶች ሲጋጠሙ 2 ፊደል ይትረፍ። ጥሩ መስፈርት ነው፣ የኤንዛይሞቹ የመቁረጫ አሻራ ነው። ከዚያ ሚር-451ን ጣለብኝ። እሷ ዳይሰር አይነካትም። ሄርፒኗ አጭር ስለሆነ አርጎኖት ራሱ ነው የሚቆርጣት፣ ስለዚህ ሁለተኛ ክንድ የላትም። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ሞልታለች። መስፈርቱን አላላላሁም፣ በስሟ ፈቅጄ አስገባኋት፣ ለምን እንደሆነም ከጎኗ ጻፍኩ።

ቀን 15

ወደ ፓይ አርኤንኤ ገባሁ፣ እስካሁን የሠራሁበት ዘዴ ሁሉ እዚህ ዋጋ አጣ።

ማይክሮ አርኤንኤን ከዝርያ ዝርያ በፊደል ማነጻጸር ይቻላል፣ ሌት-7 በሰውም በትልም አንድ ናት። ፓይ አርኤንኤ ግን ቁጥሩ እጅግ ብዙ ነው፣ ፊደሉም በቅርብ ዘመዶች መካከል እንኳ አይመሳሰልም። ከሰውና ከአይጥ ዝርዝር ተመሳሳይ ፊደል ብፈልግ ምንም የሚረባ ነገር አላገኝም። ስለዚህ የሚነጻጸረው ቦታው ነው። ፓይ አርኤንኤዎች በጂኖሙ ላይ በየቦታው አይበተኑም፣ ክላስተር በሚባሉ ሰፈሮች ተጨናንቀው ነው የሚወጡት። በአጥቢዎች የአንዳንዱ ሰፈር ፊደል ቢቀየርም ግራና ቀኝ ያሉት ጂኖች ያው ናቸው። የክላስተር ዳታቤዞች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። ሠንጠረዡ ላይ የፓይ አርኤንኤ ዓምዴ በፊደል ሳይሆን በጎረቤት ጂን ስም ሆነ።

አንድ ቁራጭ እውነተኛ ፓይ አርኤንኤ ይሁን አይሁን የሚለየውን ሒሳብም ዛሬ ሠራሁ። ፒንግ ፖንግ ይሉታል። አንዱ ፓይ አርኤንኤ ትራንስፖዞኑን ከግራ ጫፉ 10 ፊደል ቆጥሮ ያስቆርጣል፣ የተቆረጠውም በተራው ፓይ አርኤንኤ ይሆናል፣ እሱም መልሶ ሌላውን ያስቆርጣል። ስለዚህ በተቃራኒ ገመዶች ላይ ያሉ ሁለት ቁራጮች በትክክል 10 ፊደል ይደራረባሉ። አንደኛው ዩ ብሎ ይጀምራል፣ ሌላው 10ኛው ፊደሉ ኤ ነው። የዝንብ እንቁላል እጢ ናሙና ላይ ሥዕሉን ሳወጣ 10 ላይ አንድ ቀጭን ዘንግ ብቻውን ቆመ። ከ9ም ከ11ም በላይ። እንዲህ ያለ ሥዕል ክርክር አይፈልግም።

ግን ይሄም «የለም» ለማለት አይበቃም። ድሮሶፊላ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ፍላሜንኮ የሚባል ክላስተር አለ። ጂፕሲ የሚባለውን ትራንስፖዞን የሚያፍነው እሱ ነው። የሚሠራው እንቁላሉን በከበቡት ሴሎች ውስጥ ነው፣ እዚያ ደግሞ ፒንግ ፖንግ የለም፣ ፓይ አርኤንኤው ግን አለ። ሥዕሌ ላይ 10 ላይ ዘንግ ስላልቆመ ብቻ ብሰርዘው ኖሮ በጣም ከታወቁት ክላስተሮች አንዱን እሰርዝ ነበር።

ቀን 16

ትሏ ደግሞ የራሷ ዓለም ነች። የሲ ኤለጋንስ ፓይ አርኤንኤ 21 ፊደል ብቻ ነው። በርዝመት ብቻ የሚለይ ፕሮግራም ማይክሮ አርኤንኤ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ከዚህ የባሰው፣ 22 ፊደል ሆነው በጂ የሚጀምሩ ሌላ ወገን አሏት። ግራ ጫፋቸው ላይ አንድ ሳይሆን ሦስት ፎስፌት አለ። የተለመደው የናሙና አዘገጃጀት ደግሞ አንድ ፎስፌት ያለውን ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ በተለመደው መንገድ በተዘጋጀ ፋይል ውስጥ አብዛኞቹ አይታዩም። ሴሏ ውስጥ ሞልተዋል፣ ፋይሉ ውስጥ የሉም። ከፋይሉ ጎን የአዘገጃጀት ዘዴው ካልተጻፈ ይሄን ማወቅ አይቻልም።

ኤልኤስዋይ-6 የምትባል ማይክሮ አርኤንኤም አለቻት። ከ302ቱ የነርቭ ሴሎቿ ውስጥ ከ10 ባነሱት ብቻ ነው የምትሠራው። በ2003 የተገኘችው በማንበብ አይደለም፣ የተበላሸባቸውን ትሎች በመከታተል ነው። ሙሉ ትል ፈጭቶ ቢያነቡ ልትታይም ላትታይም ትችላለች።

ቀን 18

ዛሬ ሠንጠረዡን ከፍቼ ብዙ ሰዓት ዝም ብዬ አየሁት። 1 እና 0 የሞላበት ነው። 0 የሚለው ግን አምስት የተለያየ ነገር ማለት ሆኗል። ዩ እና ቲ ተምታቶብኝ ያጣሁት 0 ነበር። ስሙ ስለተለየ ያጣሁት 0 ነበር። የአንድ ፊደል መንሸራተት 0 ነበር። ሦስት ፎስፌት ስላለው ያልታየው 0 ነው። ጭራሽ ማንም ያልፈለገውም 0 ነው።

እውነተኛ አለመኖር ደግሞ አለ፣ እሱ ነው ዋናው ግኝት። ኮምብ ጄሊ የሚባሉት የባሕር እንስሳት ውስጥ ኒሚዮፕሲስ የምትባለው ማይክሮ አርኤንኤ የላትም። ይሄን በ2012 ሲናገሩ ንባብ አጣን ብለው ብቻ አልነበረም። ድሮሻ የሚባለው ቆራጭ ኤንዛይም ራሱ ጂኖሟ ውስጥ የለም። መሣሪያው ከሌለ ምርቱ የለም፣ ይሄ ማስረጃ ነው። ትሎችም ላይ እንደዚሁ። የሲ ኤለጋንስ ቅርብ ወገን ፓይ አርኤንኤ አለው፣ ሌሎች ብዙ የክብ ትል ወገኖች ግን ፓይ አርኤንኤን የሚይዘውን፣ ፒዊ የሚባለውን ፕሮቲን ጨምረው አጥተውታል። በ2015 ነው የታወቀው። ትሏን «የክብ ትሎች ተወካይ» ብዬ ሳስቀምጥ ትክክል አልነበረም።

አይጥም አጥቢዎችን አትወክልም። ሰው 4 የፒዊ ጂን አለው፣ አይጥ 3። አንደኛው ጠፍቶባታል። ሴት አይጥ ያለ ፒዊ ትወልዳለች፣ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ፓይ አርኤንኤ በአጥቢዎች የወንድ ጉዳይ ነው ሲባል ነበር። በ2021 ሃምስተር ላይ ሲሞከር ግን ሴቷም መሃን ሆነች። ሃምስተር እንደ ሰው 4ቱም አሏት። ብዙ የዳታቤዝ ግቤት ያላት አይጥ ነች፣ ለዚህ ጥያቄ ግን የምትሆነው ሃምስተር ነበረች።

ቀን 19

1 እና 0ን አጠፋሁ። አሁን አራት ምልክት ነው ያለው።

«አለ» የሚባለው ጂኖሙ ላይ ሄርፒኑ ወይም ክላስተሩ ተገኝቶ ንባቡም ሲደግፈው ነው። «ጂኖም ላይ ብቻ» የሚባለው ፊደሉ ተገኝቶ ንባብ ሲታጣ። «የለም» ለማለት በዚያ ወገን ቢያንስ ሁለት ዝርያ ውስጥ ተፈልጎ መታጣት አለበት፣ ጂኖሙም ሙሉ መሆን አለበት። የፓይ አርኤንኤ ከሆነ ደግሞ የፒዊ ጂንም አብሮ ይታያል። ቀሪው ሁሉ ባዶ ነው። ባዶ ማለት አልተፈለገም ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

እያንዳንዱ ሳጥን ጀርባ ደግሞ አራት ነገር ይጻፋል፦ የዳታቤዙ ዕትም፣ የጂኖሙ ዕትም፣ የናሙናው አካል፣ የአዘገጃጀቱ ዘዴ። አካሉ ለምን? ሚር-122 ጉበት ውስጥ ሞልቷል፣ ሚር-124 ደግሞ ነርቭ ውስጥ። ጉበት ብቻ ተነቦ «ሚር-124 የለም» ማለት ወጥ ቤት ገብቶ አልጋ የለም እንደማለት ነው።

ቀን 22

መልሶ መሙላቱ ሦስት ቀን ወሰደ። የሰው፣ የዝንብና የትል ረድፎች በደንብ ሞልተዋል። የባሕር ጃርቱ ማይክሮ አርኤንኤ ጥሩ ነው። ፕላናሪያ ላይ ፓይ አርኤንኤው «አለ» ሆኗል፣ እሷ ላይ የሚገኘው በዘር ሴል ብቻ አይደለም፣ ተቆርጣ መልሳ የምታድግባቸው ግንድ ሴሎች ውስጥም ሞልቷል፣ የፒዊ ፕሮቲኗ ሲጠፋ ማደጓ ይቆማል። የስፖንጅ ማይክሮ አርኤንኤዎች አሉ፣ ግን ከሌሎቹ እንስሳት ጋር አንዱንም አይጋራም፣ ስለዚህ ሌት-7ም ሚር-100ም «የለም» የሚል እውነተኛ ምልክት አግኝተዋል። ከዚያ ውጭ ረድፉ አብዛኛው ባዶ ነው።

ሠንጠረዡ ከበፊቱ ይልቅ ሳጥኑ ብዙ ባዶ ነው። ለእኔ ግን አሁን ነው የሚነበበው። የዶሮ ረድፍ ላይ የፓይ አርኤንኤው ባዶ ሲያይ ዓይኔ ወዲያው የትኛውን ፋይል መፈለግ እንዳለብኝ ያውቃል፣ የወንድ ዘር ፍሬ ናሙና፣ አዘገጃጀቱ በግልጽ የተጻፈ፣ ቢቻል ፓይ አርኤንኤን ለይቶ የሚያስቀር ኬሚካል የተጠቀመ። የፓይ አርኤንኤ ቀኝ ጫፍ ላይ ሜቲል የሚባል ትንሽ የኬሚካል ቅጥያ ስላለ ኬሚካሉ አይነካውም፣ የአብዛኛውን እንስሳ ማይክሮ አርኤንኤ ግን ያበላሸዋል።

ሁለት ረድፍ ልጨምር ወስኛለሁ፦ ኮምብ ጄሊና ሃምስተር። የኮምብ ጄሊዋ ጂኖም ገብቷል፣ ድሮሻን ፈልጌ አላገኘሁም፣ ዳይሰሯ ግን አለ። የሃምስተሩ የእንቁላል እጢ ንባብ አሁን እየወረደ ነው። ሲያልቅ መጀመሪያ የማየው ሌት-7 ከስንተኛው ፊደል እንደምትጀምር ነው።